ስለ አንድ በርጩማ



ከፊታችሁ ያስቀመጥነው የጅማ በርጩማ ነው። መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንድ የዋንዛ ግንድ የወጡ ናቸው፤ ሚስማርም ኮላም አልገባበትም። ላሊበላን ከዐለት እንደ ፈለፈሉት አበው ሁሉ የበርጩማ ጠራቢም የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም፤ አንድ ምት ከበዛች የምትመለስበት መንገድ የለም። እንጨቱን ገና እርጥብ ሳለ ይጠርበዋል፤ ከዚያም እንዳይሰነጠቅ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተወዋል። ሦስት እግር ደግሞ ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ወለል ላይ እንኳ አይነቃነቅም። (የቢሯችን ባለ አራት እግር ወንበሮች ወረቀት እየታጠፈ እንደሚደረግላቸው ሁላችንም እናውቃለን።)

እስቲ እጃችሁን ከመቀመጫው ሥር አሳልፉ። የመጥረቢያው ምት አንድ በአንድ ይዳሰሳል። አንደኛው እግር ወፈር ያለው፣ ባለሙያው ቅርንጫፍ የበቀለበትን ጠንካራ ስፍራ ሳይደፍር በማለፉ ነው።

በሥልጠና ላይ ላሉት ወጣቶች አንዳንድ ገዢዎች «ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጉልን፤ በቫርኒሽም አብረቅርቁልን» ይሏቸዋል። በዚህ ከተስማማን ልጆቹን ከማሽን ጋር ልናወዳድራቸው ነው፤ በፍጥነትም በዋጋም ይሸነፋሉ። ስለዚህ በጥራት መመዘኛው ላይ የእንጨቱ መድረቅና የእግሮቹ ጥንካሬ ይጻፍ እንላለን፤ የእጅ ምልክቱ ግን ተፍቆ አይጥፋ።

የቀረው የእንጨቱ ነገር ነው። ከአንድ ግንድ ብዙው ፍላጭ ሆኖ ይቀራል፤ ዋንዛም በአንድ ክረምት አይደርስም። በየአጥቢያው ቅጥር የዋንዛ ችግኝ እንዲተከል የምናቀርበውን ሐሳብ አባቶች በዚህ ዓይን እንድትመለከቱልን በትሕትና እንለምናለን።