በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል የማን ነው?



የምርጫ ጊዜ በደረሰ ቍጥር በብዙ አገር ከተሞች ግድግዳውና የመብራት ምሰሶው በተወዳዳሪዎች ሥዕል ይሸፈናል። የሚለጠፈውም ሰው ሁሉ እንዲያየው ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች «ለሁሉ የታየ ነገር የሁሉ ነው» ብለው ያስባሉ። ስለዚህ ፖስተሩን ፎቶግራፍ አንሥተው በስልካቸው ለብዙ ሰው ይልካሉ፤ በመሥሪያ ቤታቸው መጽሔት ያወጡታል፤ በካናቴራ ላይ አትመው የሚሸጡትም አይታጡም። ለመሆኑ ይህ አሳብ ትክክል ነውን? የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ጉዳይ ነው።

በጐረቤት አጥር ላይ የፈካውን ጽጌረዳ አላፊ አግዳሚው ሁሉ አይቶ ይደሰትበታል። ቈርጦ ለገበያ ማውጣት ግን የተከለው ሰው ፈንታ ነው። ፖስተርም እንዲሁ ነው። በአደባባይ መለጠፉ የማየት ፈቃድ ይሰጣል እንጂ ሥራውን አባዝቶ የማሠራጨት ፈቃድ አይሰጥም።

ነገሩን በአንድ የታወቀ ምሳሌ እንመልከተው፤ ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በ2008 ባራክ ኦባማ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ሼፐርድ ፌሪ የተባለ ሠዓሊ ፊታቸውን በቀይና በሰማያዊ ቀለም ሥሎ ከግርጌው «ተስፋ» የሚል ቃል ጻፈበት። ሥዕሉም በአገሩ ሁሉ ተሠራጨ። ነገር ግን ሠዓሊው መነሻ ያደረገው ማኒ ጋርሲያ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ለአሶሺዬትድ ፕሬስ የዜና ድርጅት ሲሠራ በ2006 በዋሽንግተን ያነሣውን ፎቶግራፍ ነበር። በ2009 ድርጅቱ «መብቴ ተነካ» አለ፤ ሠዓሊው «ሕግ የፈቀደው ተገቢ አጠቃቀም ነው» ሲል ፍርድ ቤት ገባ፤ ፎቶግራፍ አንሺውም በበኩሉ «ባለቤቱ እኔ ነኝ» አለ። ተከራካሪዎቹ በ2011 በስምምነት ስለ ተለያዩ ፍርድ ቤቱ በዋናው ነገር ላይ ሳይፈርድ ቀረ። ሠዓሊው ግን የትኛውን ፎቶግራፍ እንደ ተጠቀመ በሐሰት ተናግሮ ማስረጃ በማጥፋቱ በ2012 25,000 ዶላር መቀጮና 300 ሰዓት የሕዝብ አገልግሎት ተፈረደበት፤ ለሁለት ዓመትም በጥበቃ ሥር እንዲቈይ ተወሰነ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው በአንድ ወረቀት ላይ የብዙ ሰው ድካም ተደራርቦ እንደሚገኝ ነው። ፎቶግራፉን ያነሣው፣ ሥዕሉን የሣለው፣ ሥራውን ያሠራው ወገን፣ ሁሉም እንደ ውላቸው ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። እኛም በመንገድ ቆመን የፖስተሩን ፎቶግራፍ ብናነሣ ያነሣነው የእኛ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ በውስጡ የሚታየውን የሌላውን ሥራ መብት አይሽረውም። ተወዳዳሪው ባለሥልጣን መሆኑም ነገሩን አይለውጠውም። በአሜሪካ ሕግ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በሥራ ግዴታው ያዘጋጀው ጽሑፍና ሥዕል የባለቤትነት መብት የለበትም፤ የምርጫ ፖስተር ግን የመንግሥት ሥራ ሳይሆን የተወዳዳሪው ሥራ ነው።

«በአደባባይ ያለውን ማንሣት አይከለከልም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የጀርመን ሕግ በአደባባይ በቋሚነት የሚገኘውን የጥበብ ሥራ ፎቶግራፍ ማንሣት ይፈቅዳል። ነገር ግን ክሪስቶና ዣን ክሎድ የተባሉት ባልና ሚስት በ1995 በበርሊን የሚገኘውን የምክር ቤት ሕንፃ ለሁለት ሳምንት ያህል በጨርቅ በሸፈኑት ጊዜ ሥዕሉን በፖስታ ካርድ ያወጣ ድርጅት ተከሰሰ፤ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2002 ሥራው ቋሚ ስላልነበረ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር ሲል ፈረደ። እንግዲህ ከምርጫው በኋላ ስለሚነሣ ፖስተር ምን እንደሚባል አድማጭ ራሱ ያመዛዝን። የእንግሊዝ የ1988 ሕግም ለሕንፃና ለሐውልት የሰጠውን ነፃነት ለተሣለ ሥዕል አልሰጠም፤ ፖስተሩ በፎቶግራፉ ውስጥ እንዲያው በአጋጣሚ የገባ እንደ ሆነ ግን አይከለክልም።

በእኛም አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ለሠሪው በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት፣ ለፎቶግራፍም ከተነሣ ጀምሮ ለ25 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። አንድ ሰው ለግል ጕዳዩ ብቻ አንድ ቅጅ ቢያስቀር ግን አዋጁ አይከለክለውም።

ይህን ስንል ካሜራችሁን ቈልፉበት ማለታችን አይደለም። ፖስተር ዝናም ያጠበውና ነፋስ የቀደደው እንደ ሆነ የዘመኑን ክርክር የሚመሰክር ነገር ይጐድላል፤ ስለዚህ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰው ለታሪክ ባለውለታ ነው። ሕጉም ይህን ስለሚያውቅ ነው ለዜና፣ ለሂስና ለትምህርት ቦታ የተወው። በአሜሪካ ዳኛው የአጠቃቀሙን ዓላማ፣ የሥራውን ጠባይ፣ የተወሰደውን መጠንና በባለቤቱ ገበያ ላይ የሚደርሰውን ጕዳት ይመዝናል። ሕዝብ የሚተላለፍበትን መንገድ ከነፖስተሩ ማሳየትና ፖስተሩን ብቻ ሙሉ በሙሉ ገልብጦ መሸጥ በዚህ ሚዛን ላይ እኩል አይወጡም።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ መጽሔትና ማስታወቂያ የምታዘጋጁ ወገኖች ሆይ፤ የፖስተር ፎቶግራፍ በእጃችሁ በገባ ጊዜ ማን እንደ ሠራው፣ መቼ እንደ ተሠራ፣ እናንተም ለምን እንደምትፈልጉት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ባለቤቱ ከታወቀ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ስሙንም ከሥዕሉ ሥር አስፍሩ። ይህ የአንድ ደብዳቤ ድካም ነው፤ ነገር ግን ካሜራውን ተሸክሞ በፀሐይ የዋለውና ብሩሹን ይዞ ሌሊት ያነጋው ሰው እንጀራ የሚጠበቀው በዚህ ነው።