ሞተር በግቢያችን ሲወርድ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በብድርና ቁጠባ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



በብድር መዝገባችን ላይ እንጀራ ጋግሮ ለመሸጥ፣ ለጨርቅ ንግድ፣ ፍየል ለማድለብ የሚሉ ምክንያቶችን ለምደናቸዋል። ከእነዚህ መሐል «ለፔጆ ሞተር ማደሻ» የሚለውም ቦታ አለው። ብድሩን የምትፈርመው ሴት ናት። መኪናዋን የሚነዳው ባሏ፣ ወንድሟ ወይም ልጇ ነው። ሞተሩ የሚወርደው ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን ልብስ የምናሰጣበት፣ ቡና የምናፈላበት፣ ልጆቻችን የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ነው። ዛሬ ስለዚህ ነገር ልንነግራችሁ የፈለግነው መካኒክ ልናደርጋችሁ አይደለም። በግቢያችሁ ምን እንደሚሠራ አውቃችሁ «ቁም!» ማለት እንድትችሉ ነው።

ፔጆ 404ን ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ፈረንሳዮች ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን ቅርጹን የሠራው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። ለአቧራና ለኮረኮንች የተፈጠረ መኪና ነው የሚባለውም በከንቱ አይደለም። በፈረንሳይ የቤት መኪናው መሠራት ያቆመው በ1975 ስለሆነ ከዚያ የመጣ ሁሉ ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ደርሷል ማለት ነው። ባቡር በ1902 ደርሶ የመሠረታት ከተማችን የምድር ባቡር ወርክሾፕም ስለነበራት ብረት የሚፈታና የሚገጥም እጅ አጥታ አታውቅም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስላገደ፣ ያለንን መጠገን ከበፊቱ ይልቅ ዋጋ አለው።

ስለዚህ አድሱ እንላለን። ግን ሰው ሳይጎዳ።

ባለፈው ዓመት በአንዲት አባላችን ግቢ ሞተሩን በገመድ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አስረው ሲያነሱ ገመዱ ተበጠሰ። የተሰበረው ኮፓውና ራዲያተሩ ብቻ ነበር። ሰው አልነበረበትም። ጥቂት ቀደም ብሎ ግን የጎረቤት ልጅ እዚያው ሥር ቁጭ ብሎ የወደቁ ዳዶዎችን ይለቅም ነበር። የሞተሩ ክብደት ከአንድ ኩንታል በላይ ነው፤ ካምቢዮው አብሮ ከወጣ ደግሞ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ኮሚቴያችን በከተማው የታወቁ ባለሙያዎችን እየጠየቀ የሚከተለውን አሰባሰበ።

በመጀመሪያ ቦታውና ሰዓቱ። መሬቱ ደልዳላ ይሁን። የድሬዳዋ ግቢ አሸዋ ነው፤ የሦስት እግሩ ማንሻ እግሮች ይሰምጣሉና ከሥራቸው ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ። የመኪናው ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ይታገዱ። ሥራው ማለዳ ይጀመር። ሙቀት ሲበረታ እጅ ያልባል፣ ቤንዚን ይተናል። ከምሳ በኋላ ደግሞ የበርጫ ሰዓት ስለሆነ ልብ ከሥራው ይርቃል። ሞተር የማንሳቱ ሥራ ከቀትር በፊት ማለቅ አለበት፤ ካላለቀ ለነገ ይደር።

ሁለተኛ እሳት። ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ይጠበቅ፤ የጋለ ራዲያተር የከፈተ ፊቱን ይቃጠላል። ባትሪው ሲፈታ በመጀመሪያ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው ኔጌቲቩ ይነቀል። ፖዘቲቩን ያስቀደመ ሰው ቁልፉ አካሉን ከነካ ብልጭታ ይፈጥራል። ከዚያ የቤንዚኑ ቱቦ ተፈቶ ጫፉ ይደፈን። የወጣው ቤንዚን ክዳን ባለው ጀሪካን ከግቢው ራቅ ተደርጎ ይቀመጥ። እዚህ ላይ ሥራው የእኛ ነው፦ በዚያ ቀን ከሰል ምድጃ አይቀጣጠልም፣ ዕጣን አይጨስም፣ ሲጋራም ከበር ውጭ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ማዶ ያለ ፍም ድረስ ይሄዳል። ማንም አያየውም።

ሦስተኛ መፍታቱ። ውኃውና ዘይቱ ይቀዳ። ኮፈኑን ሁለት ሰው ይዞ ያውርደው። እያንዳንዱ ሽቦ ከመነቀሉ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳ፣ በፕላስተር ላይም ቁጥር ይጻፍበት። ብሎኖች በየቦታቸው በተለያየ ጣሳ ይቀመጡ። ይህ ተራ ነገር መስሏችሁ አትናቁት፤ ሲገጠም የጠፋ ብሎን ፍለጋ የሚባክነው ቀን ከገቢያችሁ የሚቀነስ ነው። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ይወጣል ወይስ መኪናው ላይ ይቀራል የሚለውም ቀድሞ ይወሰን። የሚቀር ከሆነ ከሥር ካልተደገፈ ይንጠለጠላል። በመኪናው ሥር የሚገባ ሰው ካለ ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይኑር።

አራተኛ ማንሳቱ። የሚነሳው በሰንሰለት ፓራንኮ ነው። ፓራንኮው ላይ የሚሸከመው ክብደት ተጽፎበታል፤ ከሞተሩ ክብደት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የቤት ጣሪያ ማገር፣ የናይለን ገመድ አይሆኑም። የ404 ሞተር እንደሌሎቹ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ያዘመመ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ያታልላል። ሰንሰለቱ ከፊትም ከኋላም በብሎን ታስሮ፣ ሞተሩ በትንሹ ከተነሳ በኋላ ቆም ተብሎ ይታይ። አልነሳ ካለ የሆነ ቦታ ያልተፈታ ነገር አለ፦ የነዳጅ መስጫው ገመድ፣ ፍሪሲዮኑ፣ የማርሚታው ቱቦ፣ ወይም አንድ የተረሳ ሽቦ። ያኔ ይፈለጋል እንጂ አይጎተትም። ትእዛዝ የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ከሞተሩ ሥር ማንም አይቁም፤ በሞተሩና በመኪናው መሐል እጁን የሚያስገባ አይኑር። ሞተሩ ከፍ ሲል መኪናው በቀስታ ወደ ኋላ ይገፋ፤ ሞተሩም ወዲያው ጣውላ ወይም አሮጌ ጎማ ላይ ይውረድ። ተንጠልጥሎ ምሳ አይበላም።

«አቦ፣ እኛ ይህን ስንት ጊዜ ሠርተነዋል» የሚላችሁ አይጠፋም። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ፓራንኮውን ግን አሳየኝ በሉት።

ሞተሩ ከወረደ በኋላ ያለው ጽዳት መጥረጊያ ለምንይዘው ለእኛ የሚተርፍ ነው። በአሮጌ መኪና ፍሪሲዮንና ጓርኒሲዮን ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አቧራው በአየር አይነፋ፣ ደረቁን አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ በፌስታል ይታሰር። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ አሸዋው ላይ ወይም ደቻቱ ላይ አይደፋ። የምንጠጣው ውኃ ከሳቢያን ጉድጓዶች፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ ነው። ዛሬ በአሸዋው የሰመጠ ነገ በጀሪካናችን ሊመለስ ይችላል። በጀሪካን ይጠራቀምና ለሚሰበስቡት ይሰጥ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ሞተር ሳይከፈት የእድሳቱን ዋጋ በትክክል የሚያውቅ የለም። የ404 ሲሊንደሮች ሸሚዛቸው የሚወጣና የሚቀየር ነው፤ ሸሚዝና ፒስተን ብቻ ቀይሮ የሚተርፍ አለ፣ ቶርኖ ቤት የሚሄድም አለ። ስለዚህ ሙሉውን ገንዘብ በአንድ ቀን ማበደር ለተበዳሪዋም ለማኅበሩም አይበጅም። የምናቀርበው ሐሳብ በሦስት ጊዜ እንዲሰጥ ነው፦ የመጀመሪያው ለማውረድና ለመክፈት፣ ሁለተኛው የሚቀየረው ዕቃ በዝርዝር ተጽፎ ሲመጣ፣ ሦስተኛው ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሳ።

የቆመ መኪናም ወጪ ነው። ለምሳሌ በቀን 500 ብር የሚያስገባ መኪና 20 ቀን ቢቆም 10,000 ብር ቀረ ማለት ነው። ይህ በብድር ማመልከቻው ላይ አይጻፍም፤ ወርኃዊ ክፍያ የሚያስቀረው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በእድሳቱ ቀናት ዋናው ብድር እንዳይከፈል፣ የሳምንት ቁጠባው ብቻ እንዲቀጥል እንጠይቃለን።

ሌላው የሞተሩ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ተመዝግቧል። ሞተሩ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፣ ፎቶ አንሱ። ተለውጦ ቢመለስ የምትከራከሩበት ማስረጃ እሱ ብቻ ነው። ሊብሬው በባል ስም፣ ዕዳው በሚስት ስም የሆነባችሁ ብዙ ናችሁ። ሞተሩ ሲወርድ በግቢው መገኘትና መጠየቅ ጥልቅ ብሎ መግባት አይደለም። ያ ሞተር የተገዛበት ዕዳ የእናንተ ነው።

በመጨረሻ ለጉባኤውና ለደጋፊዎቻችን ያለን ጥያቄ አንድ ነው። ማኅበሩ አንድ ፓራንኮ ከነሦስት እግሩና ከመደገፊያዎቹ ጋር ይግዛ፤ በማኅበሩ ንብረት መዝገብ ይግባ፣ ለእድሳት የተበደረች አባል በተራዋ በፊርማ ትውሰደው። ብድር የምንሰጥበትን ሥራ ደህንነቱንም አብረን ብንሰጥ ይገባናል። ጥያቄያችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነን።