ከአቦል እስከ በረካ

እሷ፦ ጅማ ቡና ላይ አንዱ «ይህን መዓዛ ያለ ቀማሚ ማን አመጣው?» ብሎ፣ ክርክሩ እስከ በረካ ዘለቀ።

እሱ፦ ጥቅስ ጠቀሰ?

እሷ፦ ኧረ ምንም!

እሱ፦ ከፍጥረት አስተምህሮ የሚለየው በእሱ ነው። የፍጥረት አስተምህሮ ከቅዱስ መጽሐፍ ይነሳል። «ብልህ ንድፍ» የሚሉት ግን ከተፈጥሮ ውስብስብነት ተነስተው ነዳፊ አለ ይላሉ፤ ማንነቱን አይናገሩም።

እሷ፦ ስሙን ቀይሮ የመጣ ያው አይደል?

እሱ፦ በፈረንጆቹ 2005 ፔንስልቬንያ ውስጥ አንድ ዳኛ እንዲያ ነው ያሉት፤ «ብልህ ንድፍ» ሳይንስ አይደለም ብለው ፈረዱ።

እሷ፦ ቡናችንስ?

እሱ፦ አረቢካ ሁለት የቡና ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅለው የመጣ ነው። የእነሱ ክሮሞዞም 22፣ የእሱ 44።

እሷ፦ «ያዳቀላቸውስ?» ቢልህ?

እሱ፦ ይበል! እሱን ላብራቶሪ አይመልስም። ቁጥሩን ብቻ አይካደኝ።

እሷ፦ የአጋሮና የሊሙ አድማጮች፣ ደውሉልን። ስድብ ግን አናስተናግድም።