ባረጀ መጽሐፍ ውስጥ የገባ አዲስ ቅጠል

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ማሪያ ሂሜኖ የተባለች ስፔናዊት የሥነ ጥበብ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ማድሪድ በሚገኘው የፕራዶ ቤተ መዘክር በተመልካች ፊት ቆማ፣ አንድ ዝነኛ መጽሐፍ በቢላዋ ሰነጠቀች። መጽሐፉ ኤርንስት ጎምብሪች እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተመው የሥነ ጥበብ ታሪክ ነው። በብዙ ቋንቋዎች ተተርጕሞ በሚሊዮን የሚቈጠር ቅጂ የተሸጠ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ሲታተም ግን አንዲት ሴት ሠዓሊ እንኳ በውስጡ አልነበረችም። ሂሜኖ የመጽሐፉን ፊደልና የገጽ አደራደር አስመስላ ያዘጋጀቻቸውን ቅጠሎች፣ የሴት ሠዓሊዎችን ታሪክና ሥራ ይዘው፣ በየዘመናቸው ተራ አስገባችባቸው። መጽሐፉም ወፈረ።

ሥራው በፕራዶ መታየቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ቤተ መዘክር የሚገኘው የንጉሥ ፊልጶስ ዳግማዊ ሥዕል ለረጅም ጊዜ የወንድ ሠዓሊ ሥራ ተብሎ ኖሯል፤ ሠዓሊዋ ሶፎኒስባ አንጕሶላ መሆኗ የታወቀው ዘግይቶ ነው።

በመጽሐፍ ላይ ቢላዋ ማንሣት መጽሐፍን በማኅደር ከትቶ ለሚያኖር ሕዝብ የሚከብድ ነገር ነው። ቢመረመር ግን ከአገራችን ልማድ እጅግ አይርቅም። በየገዳማቱና በየአድባራቱ፣ በወንጌል ባዶ ቅጠሎች ላይ ጉልት የተሰጠው ወገን፣ የመሬቱ ስምና የምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር። ስለዚህ ወንጌሉ የሚነበብ ብቻ ሳይሆን መብት የሚጸናበት መዝገብም ነበር። ደግሞም መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ በስፍራው የተጻፈበት ብራና ጥቂት አይደለም። ሂሜኖ የማንንም ስም አልፋቀችም። ጨመረች እንጂ።

እንዲህ ያለው ቅጠል የሚጐድለው በአውሮፓ መጻሕፍት ብቻ አይደለም። በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲነሣ፣ የወንዶቹ ተመራቂዎች ስም ከአንደበት አይጠፋም። ከዚያው ትምህርት ቤት በመመረቅ የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ደስታ ሐጎስ በ1961 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ፈጽመዋል። ስማቸው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በዚህ ቀዳሚነት ነው፤ ቀዳሚነት ግን ሥዕልን አይተካም። የእርሳቸው ቅጠል ቢዘጋጅ ከቀኑ ይልቅ ሥዕሎቹ ሰፊውን ቦታ ሊይዙ ይገባል።

በሀዲያ ዞን፣ በአናሌሞ ወረዳ፣ በፎንቆ ከተማ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በዚህ አገር እንሰት የምትፍቀው፣ ቃጫውንም ከግንዱ የምትለየው ሴት ናት። ሸክላም ሲሠራ የኖረው በሴት እጅ ነው። ያውም በእደ ጥበባቸው ምክንያት ከማዕድና ከጋብቻ ይገለሉ ከነበሩ ቤተ ሰቦች በሆኑ ሴቶች እጅ። ድስቱ በየቤቱ ምድጃ ላይ ይጣዳል፤ ሠሪዋ ግን ከደጅ አታልፍም ነበር። እንግዲህ ይህች ሴት የተረሳችው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ በሴትነቷ፣ አንድ ጊዜ በሙያዋ። ድስቷ በቤተ መዘክር መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ እንኳ፣ በሥሩ የሚጻፈው የብሔረሰቡ ስም እንጂ የእርሷ አይደለም።

በትምህርት ቤት አብያተ መጻሕፍት የሚገኙትን ያረጁ መጻሕፍት ለማደስ ቢላዋ አያስፈልግም። በሽፋኑ ውስጥ ወገን የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይበቃል፤ የሠሪዋ ስም፣ የቀበሌዋ ስም፣ ሙያውን ከማን እንደተማረች፣ ጭቃው ከየት እንደሚቈፈርና ምን እንደሚቀላቀልበት። ይህን ተማሪዎች ጠይቀው ሊጽፉት ይችላሉ። አስቀድሞ ፈቃዷን መጠየቅ ግን ግድ ነው። በሙያዋ ስትነቀፍ የኖረች ሴት፣ ስሟ በመጽሐፍ ላይ መውጣቱን እንደ ክብር ትቈጥረው ወይም እንደ መጋለጥ፣ ከራሷ በቀር የሚያውቅ የለም።