ብሎን ምን ያህል ይጥበቅ?

የዛሬው ርዕሳችን ቶርክ ሬንች ነው፤ ብሎን የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካው ቁልፍ። ሞተር ወርዶ ሲታደስ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ከብሎኩ ጋር የሚታሰረው በብሎኖች ነው። ታዲያ ብሎን አጥብቆ የሚይዘው ሲጠብቅ በጥቂቱ ስለሚለጠጥ ነው። የሱሪ ላስቲክን አስቡ። ካልተለጠጠ ሱሪውን አይይዝም፤ ከልክ በላይ ከተለጠጠ ደግሞ ላልቶ ይቀራል። ብሎንም እንዲሁ ነው። ጥብቀቱ ካነሰ በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ያሳልፋል፣ ውሃና ዘይት ሊቀላቀሉ ይችላሉ። ከበዛበት ይበጠሳል ወይም ጥርሱ ይላጣል።

«የለመደ እጅ ይበቃል» የሚሉ መካኒኮች አሉ። ልምዳቸው የሚከበር ነው። ነገር ግን እጅ የሚሰማው በአብዛኛው ፍትጊያውን ነው፤ የዛገ ብሎን ገና ሳይለጠጥ የጠበቀ ይመስላል። እርግጥ ነው፣ ቶርክ ሬንችም በዝገት ይታለላል። ስለዚህ አስቀድሞ ጥርሱ ይጸዳል፤ ዘይት መቀባት አለመቀባቱንም የአምራቹ መመሪያ ይወስናል። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ከመሃል ወደ ዳር፣ ደግሞም በአንዴ ሳይሆን በየደረጃው ይጠብቃል። ቀስ ብሎ መሳብ፣ መሣሪያው የተሞላለት ልክ ላይ ደርሶ «ቀጭ» ሲል ማቆም ነው። «ለማንኛውም» ተብሎ የሚጨመረው አንድ ሳብ ልኬቱን ሁሉ ያበላሻል። መሣሪያው ውድ ነው ለሚሉ ደግሞ፣ ቴስታታ እንደገና አውርዶ መሥራት ይብሳል። በነገራችን ላይ፣ በቶርክ ሬንች ብሎን አይፈታም፤ የመሣሪያው ልኬት ሊዛባ ይችላል። እናንተም ባለመኪኖች፣ ሞተር ስታሳድሱ ቴስታታው በቶርክ ሬንች መታሰሩን ጠይቁ።