በካርኒው ውስጥ የተገኘ ወረቀት
(በድሬዳዋ፣ በሰፈራችን ዕድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የዕድሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር)



ባለፈው ወር ከመካከላችን ስለተለዩን ጎረቤታችን ጥቂት እንድናገር ኮሚቴው አዞኛል። ስማቸው በሰሌዳ ላይ እንዳይወጣ ባለቤታቸው ስለጠየቁ አልጠራውም፤ የሰፈሩ ሰው ግን ማን እንደሆኑ ያውቃል። ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ማለት ልማዳችን ነውና፣ ዛሬ «እርሳቸው» ስል አፌ ላይ ይከብደኛል።

እንደምታውቁት ከተማችን የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ባይቆም ኖሮ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ባልኖረች። እርሳቸውም የባቡር ልጅ ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ጢማቸው ሳያበቅል፣ በጥገናው ክፍል በረዳትነት ተቀጠሩ። ኋላም ቶርኖ ተምረው፣ ከውጭ አልመጣ ያለውን መለዋወጫ ከብረት ቀርጸው የሚያወጡ ባለሙያ ሆኑ። ማታ ማታ በዘይት የተነከረ ቱታቸውን ለብሰው፣ በብስክሌት፣ ዳቦውን ከኋላ አስረው ሲመጡ ሰዓት የሌለው ጎረቤት ሰዓቱን በእርሳቸው ያውቅ ነበር።

ደመወዙ ብዙ አልነበረም። ልጆቹ ደግሞ አምስት ናቸው። ባለቤታቸው ቀፊራ ገበያ አትክልት እየሸጡ፣ እርሳቸው ከሥራ መልስ የሰፈሩን ብስክሌትና ቡታጋዝ እየጠገኑ አምስቱንም አስተማሩ። ታዲያ ከስንቶቻችን ሂሳብ ተቀብለው ይሆን? «ሲኖርህ ትሰጠኛለህ» ይሉ ነበር። የኖረን ጊዜም ረሳነው።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ፣ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው በወሰደ ጊዜ፣ ገመድና ባትሪ ይዘው ከወጡት አንዱ እርሳቸው ናቸው። ያን ሌሊት ሙስሊም ክርስቲያን ብለው አልለዩም። ከዚያ ወዲህም ስላደረጉት ነገር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

የቀድሞው ባቡር እየተዳከመ ሄዶ ሲቆም በጡረታ ቤት ዋሉ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ «ምነው አላዘንክም?» ብላቸው፣ «ሰው ካደረሰ ምን አዝናለሁ!» አሉኝ።

አሁን ወደ አሞታቸው ልምጣ፤ የተነሣሁትም ለዚሁ ነው።

ደም ግፊት ነበረባቸው። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ታዝዞላቸዋል። የጡረታው አበል ግን ለቤት ቀለብና ለኪኒን አልበቃ ሲል፣ ኪኒኑን መጀመሪያ በቀን ልዩነት ዋጡት፤ ኋላም ጭራሽ ተዉት። ለሚስትም ለልጅም አልተናገሩም። ይህ በሽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ሰው የዳነ ይመስለዋል። አንድ ሌሊት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ በሦስተኛው ቀን አረፉ።

እኛም ወጉን አደረስን። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበሩ ወጣ፣ ድስቱ ተጣደ። ቀባሪው መንገዱን ሞላው። በሰልስቱ ገንዘቡን ቆጥሬ ለባለቤታቸው ሳስረክብ የዕድሩን ካርኒ አምጥተው አሳዩኝ። የአንድ ወር መዋጮ እንኳ አልጎደለም። በካርኒው ውስጥ ግን የታጠፈ ወረቀት ነበረ፤ ያልተገዛ የመድኃኒት ማዘዣ።

ባለቤታቸው አልጮሁብኝም። «ይህ ገንዘብ ከሁለት ወር በፊት ቢመጣ ኖሮ መድኃኒት ይሆን ነበር» ብቻ አሉኝ።

ወገኖቼ፣ የመጨረሻውን መዋጮ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ፊታቸው ተለዋውጦ፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። «ምን ሆንክ?» አላልኩም፤ ደረሰኝ ቆርጬ ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ። ቀብር የቀረ አባል እንቀጣለን፤ የታመመ ያልጠየቀውን ግን ማን ይቀጣዋል?

በመሆኑም ኮሚቴው የሚከተለውን ሐሳብ ለሚቀጥለው ወር ጠቅላላ ስብሰባ አዘጋጅቷል። ከየወሩ መዋጮ ጥቂቱ ተለይቶ ለታመመ አባል መድኃኒት ይዋል፤ ለዚህም መተዳደሪያ ደንባችን ይሻሻል። በየመንገዱ ሁለት ሁለት ሰው ተመርጦ ከቤት የዋለውን ይጠይቅ። የሚረዳውም ሰው ስሙ በስብሰባ አይነሣ፤ ምክንያቱም እኒህ ሰው የሞቱት በድህነት ብቻ አይደለም፣ በይሉኝታም ነው።

«ገንዘቡ ካለቀ ቀብሩ በምን ይሆናል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሂሳቡን ይዘን እንቀርባለን። እስከዚያው ግን ደም ግፊታችሁን ሳትለኩ የቆያችሁ ተለኩ። ኪኒን የታዘዘላችሁ፣ ደህና ነኝ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ጎደለኝ ማለትም ነውር አይደለም።

ለእርሳቸው ያልጠገኑልንን የማናውቀው ነገር የለም ብል ማጋነን አይሆንም፤ እኛ ደግሞ በእርሳቸው ሞት ይህን አንድ ደንብ እንጠግን።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ።