ግሡን እየጠበቀ የሚደክም አንባቢ

ዛሬ የምንነጋገረው ሰው ማንበብ የጀመረውን ጽሑፍ ለምን ሳይጨርስ እንደሚተወው ነው። ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና አካባቢ ያላችሁ በወረዳ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ታውቁታላችሁ። ባለጉዳይ ይቆማል፣ ሁለት መስመር ያነባል፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውን ሰው «ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፤ ማንበብ አላቃተውም።

እስቲ ለምሳሌ ያዘጋጀሁትን ላንብብላችሁ፤ ዓይነቱ እንግዳ አይሆንባችሁም። «በወረዳችን የሚገኙ፣ ከዚህ ቀደም በወጣው መመሪያ መሠረት መረጃቸውን ያላስመዘገቡና በልዩ ልዩ ምክንያት ሳይስተናገዱ የቀሩ ባለይዞታዎች፣ ተገቢውን ማስረጃ አሟልተው እስከ ወሩ መጨረሻ በአካል በመቅረብ እንዲያስመዘግቡ፣ ይህን በማያደርጉት ላይ አስፈላጊው እርምጃ የሚወሰድ መሆኑን እናሳውቃለን።»

በአማርኛ ግሥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ አንባቢው መመሪያውን፣ ምክንያቱን፣ ማስረጃውን፣ ቀኑን ሁሉ በአእምሮው ይዞ ግሡን መጠበቅ አለበት። አእምሯችን ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነገር ነው፤ አዲሱ ሲገባ የፊተኛው ይጠፋል። አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ ይጀምራል። አሁንም ካልገባው ይተወዋል።

«እርምጃ ይወሰዳል» የሚለውንም ተመልከቱት። ማን ነው የሚወስደው? ቅጣት ነው ወይስ ሌላ? «ተገቢው ማስረጃ»ስ የቱ ነው? ሰውየው ከሥራው ቀርቶ የመጣው ይህንኑ ለማወቅ ነበር። ስላልተነገረው ከጎረቤት ይጠይቃል፣ ጎረቤትም የሰማውን ይነግረዋል፣ በመሐል ቀኑ ያልፋል። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ጽሑፉን ያወሳሰበው ሌላ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ።

«የሕግ ጉዳይ ስለሆነ ነው የሚከብደው» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 አንቀጾች አሉት፤ ያረቀቁትም ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሆኖም የመጀመሪያው አንቀጽ ሰው ከተወለደ እስኪሞት ድረስ የመብት ባለቤት መሆኑን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይገልጻል። ርዝመትም ሰበብ አይሆንም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ግን ስንቱ በጉጉት ተከታትሎታል! ሰው ማን ምን እንዳደረገ እስከገባው ድረስ ረጅም ነገር አይሰለቸውም።

ማስታወቂያውን እንዲህ ብንጽፈውስ? «ይዞታዎን አላስመዘገቡም? ካርታዎንና መታወቂያዎን ይዘው እስከ ወሩ መጨረሻ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይምጡ። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ሰው አንመዘግብም።» ግሦቹ ቶሎ ቶሎ ደረሱ፤ አንባቢው በየመሐሉ ያርፋል። «አንመዘግብም» ያለውም ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ማስታወቂያ የምትጽፉ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፣ እባካችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ለአንድ ባለጉዳይ አንብቡለትና «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከተሳሳተ ጽሑፉን አስተካክሉት።